ገንፎ የተውኩበት ዓመት

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። አሶሳ ካሉት ፍርድ ቤቶች በአንዱ፣ በርትኛ እንጂ አማርኛ የማይችል ባለጉዳይ ወይም ምስክር ሲመጣ አጠገቡ እቆማለሁ። የሱን ለዳኛው፣ የዳኛውን ለሱ አደርሳለሁ። አፌን የፈታሁት በበርትኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ነው። አንደኛ ክፍል ሳለሁ ሴቷን መምህራችንን «መጣ» ስል ከሰሜን መጥተው የሰፈሩት አማርኛ ተናጋሪዎች ልጆች ይንከተከቱብኝ ነበር። በእልህ ተማርኩት። ዛሬ ጠበቃ ሲሳሳት በልቤ የማርም ሰው ነኝ። በሕይወቴ የምኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ማይግሬኑ የሚወስድብኝም እሱኑ ነው።

ማይግሬን ሲባል ሰው ራስ ምታት ብቻ ይመስለዋል። የእኔ ከራስ ምታቱ በፊት ይጀምራል። ከግራ ዓይኔ ጥግ ትንሽ ብልጭታ ትመጣለች፤ እንደተቀደደ ቆርቆሮ ጥርስ ጥርስ ያላት፣ የምትርገበገብ። እያደገች ሄዳ ከማየው ነገር ግማሹን ትውጠዋለች። ቀጥሎ የቀኝ እጄ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ድንዛዜው ወደ ከንፈሬና ወደ ምላሴ ይወጣል። ከዚያ ቃል ይጠፋኛል። ጠፍቶ ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ በቦታው ሌላ ቃል ይመጣል። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ከተጫወተብኝ በኋላ ነው ራስ ምታቱ ራሱ መጥቶ አልጋ ላይ የሚጥለኝ።

ጥር ላይ ይሄ ነገር ችሎት መሀል መጣብኝ። ጉዳዩ የእርሻ ድንበር ነበር። ምስክሩ ከመንጌ በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ጀለቢያቸውን አጥበው ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ዳኛው ድንበሩ ላይ የነበረውን ዛፍ ማን እንደቆረጠው ጠየቁ። ሽማግሌው ወደ ተከሳሹ እያመለከቱ በበርትኛ «እሱ አልቆረጠውም» አሉ። በዚያ ቅጽበት የዳኛው ፊት ግማሹ ጠፍቶብኛል። አፌን ከፍቼ «እሱ ቆረጠው» አልኩ።

ከሳሽና ተከሳሽ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማሉ። ተከሳሹ ብድግ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እንደዛ አላሉም!»

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «አስተርጓሚ፣ ይድገሙት።»

ልደግመው ሞከርኩ። «ዛፉ» ልል ስል «ዝናቡ» አልኩ። ላርመው ስል ከዚያ የባሰ ወጣ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ ካዩኝ በኋላ ችሎቱን ለሚያዝያ ቀጠሩት።

ሽማግሌው ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም። በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፌ ስቆም መጥተው በለሆሳስ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ምን ተናግሬ ነው ያስቆጣኋቸው?»

መመለስ አልቻልኩም። ምላሴ እንደ ጨርቅ ሆኗል። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ፤ እሳቸውም ጥፋቱ የሳቸው መስሏቸው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ከራስ ምታቱ ሁሉ የሚበልጥብኝ ዛሬም ድረስ ይሄ ነው።

ከዚያ በፊት ያልሞከርኩት የለም ማለት ይቻላል። ማስታገሻ ክኒን እንደ ቆሎ ስቅም ኖሬ፣ ክኒኑ ራሱ ሲበዛ ራስ ምታት ያመጣል ተባልኩ። በየቀኑ የሚዋጥ መከላከያ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያፈዘኝ ነበር። ምስክር ሦስት ዓረፍተ ነገር ሲሄድ እኔ አንደኛው ላይ ነኝ። ልለምደው ስጀምር ከመድኃኒት ቤቱ ጠፋ። እናቴ ደግሞ በበኩሏ ሼኽ ዘንድ ወስዳ ቁርኣን አስቀርታብኛለች። እሱ እንኳ አላፈዘኝም።

ከችሎቱ በኋላ ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ ሄድኩ። የነርቭ ሐኪሟ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ስናገር ታዳምጣለች። መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ከጠየቀችኝ በኋላ፣ «አንድ ነገር አለ፤ ቃል ግን አልገባልሽም» አለችኝ። ኬቶ የሚባል አመጋገብ ነው። እህል፣ ስኳርና ፍራፍሬ ትተሽ ሆድሽን በቅባት ትሞያለሽ፤ ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ማቃጠል ይጀምራል። «ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም። የኩላሊትና የጉበት ምርመራሽ ደህና ነው። ሦስት ወር ሞክሪው፤ ካቃተሽ ደውዪልኝ።» ከዚያ የታተመ ወረቀት ሰጠችኝ።

ወረቀቱን አውቶቡስ ላይ አነበብኩት። ከተፈቀደው ውስጥ ሳልመን የሚባል ዓሣ፣ የወይራ ዘይት፣ የአልመንድ ዱቄትና ስሙን ማንበብ ያቃተኝ አትክልት አለ። ከተከለከለው ውስጥ ፓስታ፣ ፒዛ፣ ኮርንፍሌክስ። ሰሊጥ የለም። ባሚያ የለም። ለውዝ የለም። ገንፎ እንኳ በክልክሉ ውስጥ አልተጻፈም። ያን ወረቀት የጻፈ ሰው እኛን የሚያህል ሕዝብ በገንፎ እንደሚኖር የሰማ አይመስልም።

አሶሳ እንደገባሁ ደወልኩላት። ሰሊጥ? ይቻላል። ለውዝ? በልክ። ባሚያ? በጣም ጥሩ። እንቁላል፣ ቅቤ፣ የፍየል ሥጋ፣ አቮካዶ፣ ጎመን፣ ሁሉም ይቻላል።

«የቀርከሃ ቡቃያስ?» አልኳት።

«ቀርከሃ ይበላል እንዴ?»

«ቡቃያው። እኛ ጋ በክረምት ይበላል።»

«እስኪ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አለች። እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ሁለታችን ብቻ ነን። እናቴ በሕይወቷ አንድ ምግብ ታውቃለች፦ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር። ሌላው ሁሉ ለሷ መቆያ ነው። ሥጋ ብትበላ፣ እንጀራ ብትበላ፣ ገንፎ ካልቀመሰች «ዛሬ አልበላሁም» ነው የምትለው። ለዚች ሴት ነው እንግዲህ ገንፎ ተውኩ ያልኳት።

«ገንፎውን ትተሽ ወጡን ብቻ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማ።»

«በማንኪያ?»

«በማንኪያ።»

«ይሄንን በሽተኛ እንኳ አያደርገውም።»

«እኔም'ኮ በሽተኛ ነኝ።»

«በሽተኛ ገንፎ ሲበላ ነው የሚድነው» ብላ ፊቷን አዞረች። ያን ቀን ድስቱን አጠገቤ አስቀምጣ ከእኔ ጋር ሳትበላ ጓዳ ገባች። ሁለታችን ከአንድ ሳህን መብላት ያቆምነው ያን ዕለት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ሊገድለኝ ነበር። ራስ ምታት እንዲተወኝ የጀመርኩት ነገር ሌላ ዓይነት ራስ ምታት አመጣ። ስነሳ ያዞረኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ጨው በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ። ሆዴ ደረቀ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ አፌ መሽተት ጀመረ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ። የእኔ ሥራ ሰው ጆሮ ሥር ቆሞ መናገር ነው። አንዲት ምስክር መሐላዋን ሳስተረጉምላት አፍንጫዋን በሻሽዋ ሸፈነች። ከዚያ ወዲህ ቅርንፉድ ጉንጬ ውስጥ ይዤ ነው ችሎት የምገባው።

መሥሪያ ቤት ወሬው ወዲያው ተነሳ። አንዷ ስኳር ይዟት ነው አለች፤ ሌላዋ ጨጓራ ነው አለች። ከሁሉም ያናደደኝ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ደግ ግን አፉ የማያርፍ።

«አይ እህቴ፣ እኛ ገብቶናል» ይለኛል ዓይኑን ጠቅሶ። «ክብደት የሚቀነሰው ሠርግ ሲደርስ ነው። መቼ ነው ታዲያ?»

«ራሴን ስለሚያመኝ ነው።»

«ራስ በሆድ ይታከማል እንዴ?»

ስንት ጊዜ አስረዳሁት። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ ያላገባሁ ሴት ጠግቤ አለመብላቴ ሌላ ምክንያት ሊኖረው እንደማይችል ቆርጦ ነበር።

እንቁላል የምትሸጥልኝ ሴት እንኳ አልማረችኝም። ከባምባሲ በኩል የመጣች ናት፤ ኦሮምኛ አፍ መፍቻዋ ሆኖ አማርኛ ስትናገር ሁሉንም ወንድ ታደርገዋለች። «አንተ፣ ትናንት ወሰድክ፣ ዛሬም መጣህ!» አለችኝ። «ቤትህ ውስጥ እባብ ነው የምታረባው?» እሷ ላይ መናደድ አልቻልኩም። ልጅ ሳለሁ እኔም እንደሷ ነበርኩ።

ረመዳን መጣ። መጾሙ ራሱ አልከበደኝም፤ እንዲያውም ከቅባቱ በኋላ ረሃብ ብዙም አይሰማኝም። የከበደኝ ማፍጠሪያው ነው። ጎረቤት ጠሩን። ምንጣፉ ላይ ተምር፣ ሳምቡሳ፣ የማንጎ ጭማቂ ተደርድሯል። አዛን ሲል እኔ በፌስታል ይዤ ከመጣሁት የተቀቀለ እንቁላል አወጣሁ። የቤቱ አባወራ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ አዩኝና የተምሩን ሳህን ወደ እኔ ገፉት።

«በተምር ማፍጠር ሱና ነው፣ ልጄ።»

«ሐኪም ከልክሎኝ ነው፣ አባቴ።»

«ተምር የሚከለክል ሐኪም?» አሉና ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። አንዷን ተምር አንስቼ ለሁለት ከፈልኩና ግማሿን ጎረስኩ። ማሯ ምላሴ ላይ ሲቀልጥ ዕንባዬ መጣ፤ ከደስታ አይደለም፣ ከንዴት ነው። ግማሽ ተምር የሚያስለቅስ ኑሮ ውስጥ ገብቼ ነበር።

ታዲያ የሚያስቸግረው ነገር አመጋገቡ መሥራቱ ነው።

ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነበር። የታመምኩበትን ቀን ቀይ፣ የበላሁትን ሰማያዊ አድርጌ እጽፋለሁ። በፊት ገጹ በቀይ የተሞላ ነበር፤ መጋቢት ውስጥ ቀዩ ሳሳ፣ ሚያዝያ ሲገባ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ፣ ከጠዋቱ ችሎት እስከ ከሰዓቱ፣ አንድ ቃል ሳይጠፋኝ አስተረጎምኩ። አንድ ቀን ሦስት ምስክር በተከታታይ ጨርሼ ስወጣ ዳኛው «ጥሩ ነው» አሉ። እሳቸው «ጥሩ ነው» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ ሁሉ ሰፍቶ ታየኝ።

የሽማግሌው ቀጠሮም በዚያው ሰሞን ደረሰ። ከማንም በፊት ችሎት ደጃፍ ተገኘሁ። እሳቸውም መጡ፤ ያው ጀለቢያ፣ ያው ምርኩዝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ ቃላቸውንም በትክክል ላደርስላቸው ተዘጋጅቻለሁ። ችሎቱ ሲጀመር ከሳሽና ተከሳሽ በአገር ሽማግሌ ታርቀናል ብለው ወረቀት አቀረቡ። ምስክር አያስፈልግም ተባለ። ሽማግሌው ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሊመለሱ ነው። ያስተረጎምኩላቸው «ይሂዱ፣ ተጠናቋል» የሚለውን ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ተከትያቸው ያኔ የተሳሳትኩት እኔ እንደነበርኩ፣ አሞኝ እንደነበር ነገርኳቸው። ሰሙኝ። «እሺ፣ አላህ ያሽርሽ» አሉና መኪና እንዳያመልጣቸው ፈጠን ብለው ሄዱ። ቅር ይበላቸው አይበላቸው አላወቅኩም።

የማንጎው ወቅት ገባ። ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ግንቦት ላይ ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ቤቱ ይናወጣል። ሰው ሁሉ አፉን በማንጎ አርሶ ሲዞር እኔ የወደቀውን እየለቀምኩ ለጎረቤት አድላለሁ። በዚያው ሰሞን ብልጭታዋ ተመለሰች።

መጀመሪያ አንድ ጊዜ። ምንም አይደለም አልኩ። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ። ከዚያ ችሎት ላይ። ደብተሬ እንደገና ቀላ።

እንደ ፖሊስ ራሴን መረመርኩ። ለውዙ ይሆናል ብዬ ለውዝ ተውኩ። አቮካዶ ተውኩ፣ ቲማቲም ተውኩ፣ ሽንኩርት ቀነስኩ። የቀረኝ እንቁላል፣ ሥጋና የእናቴ ባሚያ ነበር። ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለ። ትንሽ ነገር ያስጮኸኛል፤ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ እንኳ ቀልዱን ተወ። ዳኛው ቢሯቸው ጠርተው፣ «ካልተሻለሽ ሌላ የሥራ መደብ ይፈለግልሻል፤ መዝገብ ማደራጀት ላይ ሰው ያስፈልጋል» አሉኝ። በደግነት ነው ያሉት። እኔ ግን ከፋይል ጋር ተቀምጬ አቧራ ስጠርግ ታየኝ።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ብልጭታዋ ጠዋት ጀመረችኝ። አስፈቅጄ በባጃጅ ወደ ቤት መጣሁ። በዚያ ሰዓት እናቴ አትጠብቀኝም። ማድ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ባሚያውን ታማስላለች፤ በግራ እጇ ጭብጥ የማሽላ ዱቄት ይዛ በስሱ፣ እንደ ጨው፣ ወጡ ውስጥ ትነሰንሳለች።

«እማ!»

ደነገጠች፤ እጇን ግን አልደበቀችም።

«ምንድን ነው የምትጨምሪው?»

«ትንሽ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዒዱ ወዲህ። ጉንጭሽ ሲገባ ጊዜ።» ድስቱን ከእሳቱ አወረደች። «የማታይው አይጎዳሽም ብዬ ነው።»

የፈነዳሁት ያኔ ነው። ስንት ነገር እንደተውኩ፣ ስንት ቀን እንደተኛሁ፣ ሥራዬ እየሄደ እንደሆነ ጮህኩባት። እናቴ ዱቄቱ እጇ ላይ እንዳለ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታያለች። አትመልስም፤ አትቆጣም። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የምጮኸው በአማርኛ ነው። በርትኛዬ ጠፍቶብኛል። እናቴ ገበያ የሚያደርስ ያህል አማርኛ ብቻ ነው የምታውቀው። በየቀኑ ችሎት ላይ እንደማያቸው ሰዎች፣ የተከሰሰችበትን ሳታውቅ ቆማ፣ የሚያስረዳት ሰው ትጠብቃለች።

እሷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ክንዴን ያዘችኝ፤ ወደ መኝታ ቤት ወሰደችኝ፣ መስኮቱን ዘጋች፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ አደረገች። ከጨርቁ የማሽላ ዱቄት ይሸታል።

በማግስቱ ራሴ ሲቀለኝ አጠገቤ ተቀመጠችና ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ከእኔ በፊት ሴት ልጅ ወልዳ እንደሞተችባት አውቃለሁ። ያላወቅኩት እንዴት እንደነበረ ነው። «በመጀመሪያ ገንፎ እምቢ አለች» አለች እናቴ። «ተዪያት፣ ሲርባት ትበላለች አሉኝ። ተውኳት። በሳምንቱ ቀበርናት።» እኔም ልናደድባት የነበረኝ መብት ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ፤ ንዴቱ ግን አልወጣም። ሁለቱንም ይዤ ተቀመጥኩ።

ለሐኪሟ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ራስ ምታቱን የመለሰው ዱቄቱ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ሊሆን ይችላል» አለች። «ላይሆንም ይችላል። አየሩ ሊሆን ይችላል፤ ዝናብ ገብቷል። እንቅልፍም አለ፣ የሥራ ጭንቀትም አለ።»

«በፊት የተሻለኝስ በአመጋገቡ ነው?»

«ይመስለኛል።»

እንዲህ ብሎ የሚመሰክር ሰው እኛ ችሎት ቢቀርብ ዳኛው ሁለተኛ አይጠይቁትም። ግማሽ ዓመት ያለ ገንፎ ኖሬ ያገኘሁት ፍርድ ግን ይሄ ነው።

ዱቄቱ ከቀረ በኋላ እየተሻለኝ መጣ፤ እንደ ሚያዝያው አይደለም። በወር ሁለቴ፣ አንዳንዴ አንዴ ይመጣብኛል። ዳኛውን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ብልጭታዋ ስትጀምር ቃሌ ከመበላሸቱ በፊት ደቂቃዎች እንዳሉኝ፣ በዚያን ጊዜ እጄን አንስቼ እረፍት ብጠይቅ ስህተት እንደማይፈጠር አስረዳኋቸው። አሰቡና «ይሞከር» አሉ። እስካሁን ሁለት ጊዜ እጄን አንስቻለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ጠበቃው አጉረመረመ፤ ዳኛው ግን ወረቀታቸውን ሰብስበው ተነሱ።

በቅርቡ ሐኪሟ ላላ አድርጊው አለችኝ። ጥብቁ አመጋገብ ለዘላለም አይደለም፤ በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ገንፎ መሞከር ትችያለሽ አለች። ዓርብ ዕለት ከሥራ እየሮጥኩ መጣሁ። እናቴ ገንፎዋን አገንፍታ ለራሷ ብቻ አቅርባለች። እጄን ስዘረጋ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ለአንቺ ክልክል ነው።»

«ሐኪሟ ፈቅዳለች፣ እማ።»

«እኔ አልፈቀድኩም። አንድ ጊዜ ጮኸሽብኛል፤ ይበቃኛል።»

«ትንሽ ብቻ!»

«ትንሽ ብዬም ነው የጮኽሽብኝ።»

ተጨቃጨቅን። ጎረቤት እስኪሰማ ተጨቃጨቅን፤ በዚህኛው ጊዜ በበርትኛ። በመጨረሻ ማማሰያው ላይ የቀረውን በጣቴ ጠርጌ በላሁት። እናቴ በቁጣ አየችኝ፤ ቆይታ ግን ከሳህኗ ዳር ቆርሳ ወደ እኔ ገፋችልኝ።

በሁለተኛው ቀን ራሴን አመመኝ። በገንፎው ይሁን በጭቅጭቁ አላውቅም። ደብተሬ ላይ ሁለቱንም ጻፍኳቸው።